ከሴንቲ ሜትር ወደ ሊትር፦ ኮምቦልቻ ላይ የተሠራ የአንድ ኢፖክሲ ጠረጴዛ ስሌት

ኢፖክሲ ሬዚን፣ ከማጠንከሪያ ጋር ሲደባለቅ ደርቆ የሚጠነክር ፈሳሽ፣ ውድ ዕቃ ነው። ምስማር ቢያልቅብህ ጎረቤት ካለው ወርክሾፕ ትበደራለህ። ኢፖክሲ ግን ማፍሰስ ከጀመርክ በኋላ ቢጎድልህ የምትበደርበት ቤት የለም። የጠረጴዛችን ኢፖክሲ የታዘዘው ከአዲስ አበባ ነው። መንገዱ ከ370 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሌላው እስኪመጣ የፈሰሰው ይደርቃል፣ ደንበኛም ይደውላል። አብዝተህ ብትገዛ ደግሞ የተረፈው ጣሳ ውስጥ የተቀመጠ ገንዘብ ነው።

ስለዚህ የዚህ ሥራ ከባዱ ክፍል ያለው ከማፍሰሱ በፊት ነው፤ ስንት ሊትር እንደሚያስፈልግ ማወቁ ላይ። አንድ ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብሬ አይቼ ነው ይህን የምጽፈው። የእኔ ሥራ የግንባታ ዕቃ መጠን ማስላት ነው፤ ስንት ኪዩብ አሸዋ፣ ስንት ኩንታል ሲሚንቶ የሚለውን። አናጺው ኮምቦልቻ ውስጥ ወርክሾፕ ያለው ወጣት ነው። እጁ የተባረከ ነው። ቁጥሩ አልገጥም ሲለው ደውሎ ጠራኝ። የሰዎቹን ስም አልጠራም፤ ቁጥሮቹን ግን እንዳሉ አስቀምጣለሁ።

ትእዛዙ

ደንበኛዋ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካፌ ያላቸው ሴት ናቸው። የፈለጉት አንድ ትልቅ የዋንዛ ጠረጴዛ ነው፤ መሃሉን ሰማያዊ ወንዝ የሚያቋርጠው። ሁለት ጣውላዎች የተፈጥሮ ጠርዛቸው ወደ ውስጥ ዞሮ ይቀመጣሉ፤ በመካከላቸው የሚቀረው ክፍተት በኢፖክሲ ይሞላል። «የቦርከና ወንዝ ሲታጠፍ እንደሚያምረው ይታጠፍልኝ» ነበር ያሉት። አናጺው ዋንዛውን ሲመርጥ ይህንኑ አስቦ ነው የመረጠው። ጠርዙ እየገባ እየወጣ ይሄዳል።

የጠረጴዛው ርዝመት 180 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 80 ሴንቲ ሜትር ነው። ጣውላው ገና ሳይላግ 4.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አለው። ኢፖክሲው እስከዚያው ድረስ ይሞላና ከደረቀ በኋላ እንጨቱም ኢፖክሲውም አብረው ተልገው 4 ሴንቲ ይሆናሉ። ይህን ልብ በሉት። የሚገዛው ኢፖክሲ የሚሰላው ባለቀው ጠረጴዛ ውፍረት አይደለም፤ በሚፈስበት ቀን ባለው ውፍረት ነው። በ4 ሴንቲ ብናሰላ ኖሮ አንድ ሊትር ከግማሽ ገደማ ይጎድለን ነበር።

70 ጋሎን የመጣው ከየት ነው?

አናጺው ቪዲዮ ላይ አንድ ቀመር አይቷል። ርዝመት፣ ወርድና ውፍረት አባዛ፤ ለ231 አካፍል፤ የሚመጣልህ ጋሎን ነው። ቀመሩ ምንም ስህተት የለበትም። አንድ የአሜሪካ ጋሎን በትክክል 231 ኪዩቢክ ኢንች ነው። ግን ቀመሩ የሚሠራው ሦስቱም ልኬት በኢንች ሲሆን ነው። የእኛ አናጺ ሜትሩ ላይ ያነበበው ሴንቲውን ነው። የወንዙን ወርድ በዓይኑ 20 ሴንቲ ብሎ ገመተ። 180 በ20፣ ከዚያም በ4.5 ሲባዛ 16,200 መጣ። ለ231 ሲያካፍለው 70 ጋሎን። 70 የአሜሪካ ጋሎን 265 ሊትር ነው። ይህ ከአንድ የነዳጅ በርሜል ይበልጣል።

ደንበኛዋ ይህን ሲሰሙ ሥራውን ሊተዉት ምንም አልቀራቸውም። ወንድማቸው ደግሞ በስልክ ሌላ ስሌት ሠራ። እሱ ሁሉንም ወደ ሜትር ቀይሮ 1.8 በ0.2 በ0.045 አባዛ። 0.0162 መጣለት። «አንድ ሊትር እንኳን አይሞላም እኮ፣ ሊያጭበረብርሽ ነው» አላቸው።

በአንድ ጠረጴዛ ላይ አንዱ በርሜል፣ ሌላው የሻይ ማንኪያ። ሁለቱም ማባዛቱን አልሳቱም። የወንድምየው 0.0162 ትክክለኛ ቁጥር ነው፤ ነገር ግን ሊትር ሳይሆን ሜትር ኪዩብ ነው። አንድ ሜትር ኪዩብ 1,000 ሊትር ስለሆነ 16.2 ሊትር ማለት ነው። የአናጺው 16,200ም ትክክል ነው፤ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው። 1,000 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር አንድ ሊትር ስለሆነ እሱም ያው 16.2 ሊትር ነው። ሴንቲዎቹን መጀመሪያ ለ2.54 አካፍሎ ኢንች ቢያደርጋቸው ኖሮ በዚያ ቪዲዮ ቀመርም ከ4 ጋሎን ትንሽ ከፍ ያለ ነበር የሚያገኘው። ወደ ሊትር ሲመለስ ያው 16.2 ነው።

በሴንቲ ለክቶ በኢንች ቀመር ማስላት ውጤቱን ከ16 ጊዜ በላይ ያሳብጠዋል። አንድ ኪዩቢክ ኢንች 16.39 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ነው። ውጤቱ ለማመን የሚከብድ ሆኖ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው መለኪያው ነው።

ካሬ በሚሊ

አናጺው ከሁሉም በላይ የወደደው አንድ ዘዴ ነው። ስፋቱን በካሬ ሜትር ያዝ። ውፍረቱን በሚሊ ሜትር ያዝ። አባዛቸው። የሚመጣው ቀጥታ ሊትር ነው። ማካፈል የለ፣ ዜሮ መቁጠር የለ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፈሳሽ ብታፈስ 1,000 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ እሱ ደግሞ አንድ ሊትር ነው። የአየር ትንበያ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ጣለ ሲል በየካሬ ሜትሩ 10 ሊትር ውሃ ወረደ ማለቱ ነው፤ ኢፖክሲውም ከዚያ የተለየ ነገር የለውም።

ይህ ዘዴ ስስ ሽፋን ለሚያስቡም ይጠቅማል። የጠረጴዛው ሙሉ ገጽ 1.8 በ0.8፣ 1.44 ካሬ ሜትር ነው። ደንበኛዋ ላዩ ሁሉ እንደ መስታወት እንዲያበራ 1.5 ሚሊ ኢፖክሲ ይልበስ ቢሉ 2.16 ሊትር ይጨመራል፤ በጎን የሚንጠባጠበውን ሳይጨምር። እሱም ሌላ ዓይነት ኢፖክሲ ነው። ለጥልቅ ማፍሰሻ የሚሸጠው ቀጭንና ቀስ ብሎ የሚደርቅ ነው፤ ለላይ ሽፋን የሚሸጠው ወፈር ያለና ፈጠን የሚል ነው። ደንበኛዋ የዚህን ዋጋ ሰምተው ላዩ በቫርኒሽ እንዲያልቅ ወሰኑ። እኔም ደስ አለኝ። የዋንዛ ቀለም በእጅ ሲነካ እንጨት እንደሆነ ቢታወቅ ይሻላል።

ወንዙ ቀጥ ያለ አይደለም

እስካሁን የያዝነው 20 ሴንቲ በዓይን የተገመተ ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ገንዘብ የሚፈስሰው። የወንዙ ሰፊው ቦታ 26 ሴንቲ፣ ጠባቡ 13 ሴንቲ ነበር። በሰፊው ብታሰላ 21 ሊትር ይመጣል። በጠባቡ ብታሰላ 10 ሊትር ከግማሽ። የሁለቱ ልዩነት ከአንድ ሙሉ ጣሳ ኢፖክሲ በላይ ነው።

ያደረግነው ይህን ነው። ሁለቱን ጣውላዎች በማፍሰሻ ሳጥኑ ውስጥ በቦታቸው አስቀመጥን። ከአንዱ ጫፍ ጀምረን በየ20 ሴንቲው በእርሳስ ምልክት አደረግን። በየምልክቱ የክፍተቱን ወርድ ላይም ታችም ለካን። የተፈጥሮ ጠርዝ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ዘንበል ይላል። ላዩ 28 ሆኖ ታቹ 24 የሆነበት ቦታ ነበር። ያንን 26 ብለን ያዝን። ላዩን ብቻ የለካ ሰው ለእያንዳንዱ ሴንቲ ጥልቀት ተሳስቷል።

አማካዮቹ በቅደም ተከተል 14፣ 17፣ 21፣ 26፣ 24፣ 19፣ 15፣ 13፣ 16 እና 20 ሆኑ። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ለሁለት ከፍለን፣ የመሃሎቹን ሙሉ ደመርን። 168 መጣ። በ20 ሲባዛ 3,360 ካሬ ሴንቲ ሜትር። ጫፎቹ በግማሽ የሚያዙት ከአንድ ወገናቸው ብቻ ወንዝ ስላለ ነው፤ የመሃሎቹ ከግራም ከቀኝም ያገለግላሉ። ጠመዝማዛ መሬት ሲለካም እንዲሁ ይደረጋል።

3,360 ካሬ ሴንቲ 0.336 ካሬ ሜትር ነው። ካሬ ሴንቲን ወደ ካሬ ሜትር ለመቀየር የሚካፈለው ለ10,000 መሆኑን አትርሱ፤ ለ100 አይደለም። ውፍረቱ 45 ሚሊ ነው። 0.336 በ45፣ 15.12 ሊትር። በዓይን ከተገመተው ከአንድ ሊትር በላይ ቀነሰ።

በስንዴ ማረጋገጥ

አናጺው ግን አላመነም። ሜትር የማያየው ቦታ አለ አለኝ። ልክ ነበር። ዋንዛው ከታች በኩል የተቦረቦረ ቦታ ነበረው፤ ቅርፊቱ ሲነሳ የቀረ ጉድጓድ። ውሃ አፍስሰን እንዳንለካ ለወራት የደረቀ እንጨት ሊረጥብ ነው። እርጥበት ደግሞ የኢፖክሲ ጠላት ነው።

ደረቅ እህል እናፍስበት የሚለው የእሱ ሐሳብ ነው። ጤፍ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ አሸዋ እንጨቱን ይቧጭረዋል። ስንዴ መረጥን። ደንበኛዋ የዚያን ቀን ከደሴ ወርደው ስለነበር ነገሩን ሲያዩ ቅር አላቸው። «እህል ነው እኮ ልጄ፣ መሬት እንዳይወድቅ» አሉት። «አብሽሩ እትዬ፣ አንዲት ፍሬ አይባክንም» ብሎ ከሳጥኑ ሥር ንጹሕ ሸራ ዘረጋ።

በአንድ ሊትር ጆግ እየሰፈርን አፈሰስን። አንዱ ይሰፍራል፣ አንዱ በጠፍጣፋ እንጨት ያስተካክላል፣ እኔ ወረቀት ላይ እጭራለሁ። ጆጉ ሳይነቀነቅ፣ ወንዙም ሳይነቀነቅ። አንዱን ነቅንቀህ ሌላውን ከተውከው ስንዴው ይጠቀጠቅና ቁጥሩ ይዛባል። እስከ ጣውላው አፍ ሲደርስ 15 ሊትር ተኩል ገደማ ሆነ። ከስሌታችን በ0.4 ሊትር በለጠ። ያ ልዩነት የታችኛው ጉድጓድ ነው። ስንዴው ተነፍቶ ወደ ጆንያው ተመለሰ፤ ከስንጥቅ በብሩሽ የወጣው ጥቂት ደግሞ ለዶሮ ሆነ።

እዚያው ሳለን ጆጉን ከነስንዴው ሚዛን ላይ አስቀመጥነው። የጆጉ ክብደት ሲቀነስ 780 ግራም ገደማ። አንድ ሊትር ስንዴ አንድ ኪሎ አይሞላም። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። አንድ ሊትር የተደባለቀ ኢፖክሲ ደግሞ ከአንድ ኪሎ ያልፋል፤ አብዛኛው 1.1 ኪሎ አካባቢ ነው። ትምህርት ቤት እፍጋት ብለው ያስተማሩን ይህን ነው። አናጺው «ታዲያ በኪሎ የሚሸጡልኝ ስንት ሊትር ነው?» ብሎ የጠየቀው ያኔ ነው። ከጥያቄዎቹ ሁሉ ብዙ ብር ያተረፈለት ይህ ነው።

ሦስት ሻጮች፣ ሦስት መለኪያ

15.12 ሊትር ላይ 10 በመቶ ጨመርን። ባልዲ ላይ ለሚቀረው፣ እንጨቱ ለሚጠጣው፣ በሳጥኑ ስፌት ለሚያፈስሰው። 16.6 ሊትር ሆነ። በስንዴ የታየው ጉድጓድም በዚህ ውስጥ ይሸፈናል። ወረቀቱ ላይ ትልቅ አድርገን ጻፍነው። ከዚህ በኋላ ማንም ሻጭ በምንም መለኪያ ቢያወራን ወደዚህ ቁጥር እየመለስን ነው የምንሰማው።

የመጀመሪያው ሻጭ በጋሎን ነገረን። «4 ጋሎን ይበቃሃል» አለ። ይበቃል ወይስ አይበቃም? የትኛው ጋሎን እንደሆነ ካልታወቀ መልስ የለውም። 4 የአሜሪካ ጋሎን 15.1 ሊትር ነው፤ አንዱ 3.785 ሊትር ስለሆነ። 4 የእንግሊዝ ጋሎን 18.2 ሊትር ነው፤ አንዱ 4.546 ሊትር ስለሆነ። የእኛ 16.6 በሁለቱ መሃል ነው የወደቀው። በአንዱ ይተርፋል፣ በሌላው ይጎድላል። የጣሳው ፎቶ እንዲላክልን ጠየቅን። ከታች በትንሽ ጽሑፍ 3.785 ሊትር ይላል። ስለዚህ አይበቃም። ከዚህ ሻጭ ለመግዛት ባለ 3 ጋሎኑንና ባለ 1.5 ጋሎኑን አንድ ላይ መውሰድ ነበረብን፤ 17 ሊትር ይሆናል። ይደርሳል፣ ግን ለክፉ ቀን የሚተርፍ ነገር የለም።

እግረ መንገዴን ስለ አውንስ ልናገር። ትንንሽ ጠርሙሶች ላይ 16 ወይም 32 አውንስ ተብሎ ይጻፋል። የፈሳሽ አውንስ ከሆነ 29.57 ሚሊ ሊትር ነው፤ ባለ 32ቱ አንድ ሊትር ሳይሞላ 946 ሚሊ ይሆናል። የክብደት አውንስ ደግሞ 28.35 ግራም ነው። ቀለምና ዱቄት ላይ ያለው ብዙውን ጊዜ የክብደቱ ነው።

ሁለተኛው ሻጭ በሊትር ነው የሚሸጠው። እሱ ግልጽ ነበር፤ ነገር ግን ዕቃው የላይ ሽፋን ኢፖክሲ ሆኖ ተገኘ። አንድ ጊዜ ማፍሰስ የሚቻለው ጥቂት ሚሊ ብቻ ነው። 45 ሚሊ ቢፈስበት ይፈላል፣ ይሰነጠቃል፣ ይጨሳል። ኢፖክሲ ሲደርቅ ራሱ ሙቀት ያመነጫል፤ በብዛት በአንድ ቦታ ሲጠራቀም ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ተውነው።

ሦስተኛው በኪሎ ነበር። 10 ኪሎ የሚመዝን ሙሉ ስብስብ፤ 7.5 ኪሎ ሬዚን፣ 2.5 ኪሎ ማጠንከሪያ። ለጥልቅ ማፍሰሻ የተሠራ ነው፤ የአጠቃቀም መመሪያ ወረቀቱ በአንድ ጊዜ እስከ 5 ሴንቲ ይፈቅዳል። ሁለቱን ስብስብ «20 ሊትር በለው» አለው ሻጩ። 20 ኪሎ ግን 20 ሊትር አይደለም። በ1.1 ቢካፈል 18.2 ሊትር ነው። ለእኛ ይበቃል፤ 20 ሊትር ለሚያስፈልገው ሰው ግን ወደ ሁለት ሊትር ይጎድለው ነበር።

ዋጋ አልጽፍም፤ በየጊዜው ይለዋወጣል። ያወዳደርነው ግን በጣሳ ሳይሆን በሊትር ነው። የስብስቡን ዋጋ ውስጡ ላለው ሊትር አካፈልን። በጣሳ ሲታይ ርካሽ የመሰለው ጋሎኑ በሊትር ሲታይ ተወደደ። ሁለት ባለ 10 ኪሎ ስብስብ ታዘዘ።

ምጣኔው በክብደት ነው ወይስ በይዘት?

ዕቃው ሲደርስ የመመሪያ ወረቀቱን አብረን አነበብን። 3 ለ1 ይላል፣ በክብደት። አናጺው ከዚህ በፊት የሠራባቸው ትንንሽ ኢፖክሲዎች በይዘት ስለነበሩ በጆግ ሊሰፍር ተዘጋጅቶ ነበር። ሦስት ጆግ ከዚህ፣ አንድ ጆግ ከዚያ።

ሬዚኑና ማጠንከሪያው እኩል አይከብዱም። ለማየት ከመድኃኒት ቤት ባለ 60 ሚሊ ሲሪንጅ ገዛን። 60 ሚሊ ሬዚን ሚዛኑ ላይ 68 ግራም መዘነ። 60 ሚሊ ማጠንከሪያ 59 ግራም። ማለትም ሬዚኑ በሊትር 1.13 ኪሎ፣ ማጠንከሪያው 0.98 ኪሎ አካባቢ ነው። በጆግ 3 ለ1 ቢሰፈር ለ3 ሊትር ሬዚን የሚገባው ማጠንከሪያ 1.13 ኪሎ ነበር፤ የሚደርሰው ግን 0.98 ኪሎ ነው። 13 በመቶ ጎደለ። ኢፖክሲ እንደ ቀለም አይደለም፤ ማጠንከሪያ ሲጎድለው ቀስ ብሎ አይደርቅም፣ ጭራሽ አይደርቅም። እጅ የሚይዝ፣ አቧራ የሚሰበስብ ሙጫ ሆኖ ይቀራል። 180 ሴንቲ ጠረጴዛ ላይ ያንን መፋቅ ምን ማለት እንደሆነ የሠራ ያውቀዋል።

ከዚሁ ልኬት የሙሉ ስብስቡ ሊትር በትክክል ወጣ። 7.5 ለ1.13፣ 6.64 ሊትር። 2.5 ለ0.98፣ 2.55 ሊትር። ድምሩ 9.19። ሁለቱ ስብስብ 18.4 ሊትር ነው።

ማፍሰሱ

4.5 ሴንቲው ከተፈቀደው 5 ሴንቲ በታች ነው። ግን ወደ ልኩ ጫፍ መጠጋት አልወደድንም። የወረቀቱ 5 ሴንቲ የሚሠራው ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ባለ ሙቀት ነው። የኮምቦልቻ ቀትር ከዚያ ሊያልፍ ይችላል፤ ወርክሾፑም ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ስለዚህ ለሁለት ከፈልነው፤ ማፍሰሱም ለጠዋት ሆነ። ደሴ ካፌው ድረስ ወስዶ እዚያው ማፍሰስ የሚል ሐሳብም ተነስቶ ነበር። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። የደሴ ሌሊት ብርድ ኢፖክሲን ያወፍረዋል፤ አረፋው አይወጣለትም፣ ጣሳው ላይም ተጣብቆ ይቀራል። እዚሁ ደርቆ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ቢወጣ ይሻላል ተባለ።

ለመጀመሪያው ንብርብር አንዱን ሙሉ ስብስብ ተጠቀምን። ሙሉ ስብስብ መመዘን አያስፈልገውም፤ ፋብሪካው መዝኖታል። የሚያስፈልገው ጣሳዎቹን ገልብጦ እስከ መጨረሻው ማንጠብጠብ ነው፤ በተለይ የማጠንከሪያውን። አናጺው ጣሳውን ባልዲው አፍ ላይ ደፍቶ፣ ግድግዳውን በፕላስቲክ መፋቂያ እየጠረገ፣ ክሩ እስኪቆም ጠበቀ። ጓንትና ማስክ አድርጎ፣ በሩንም መስኮቱንም ከፍቶ ነው። 9.19 ሊትሩ ፈስሶ 2 ሴንቲ ከ6 ሚሊ አካባቢ ደረሰ። በአንዱ ጥግ ትንሽ አፈሰሰ፤ በሲልከን ተዘጋ።

ሁለተኛው ላይ ስሌቱ እንደገና መጣ። የቀረው ጥልቀት 19 ሚሊ ነው። 0.336 በ19፣ 6.4 ሊትር። ከመጠባበቂያ ጋር 7.35 ሊትር ያዝን፤ በክብደት 8 ኪሎ። 6 ኪሎ ሬዚን፣ 2 ኪሎ ማጠንከሪያ። ያለን የኩሽና ሚዛን እስከ 5 ኪሎ ብቻ ስለሚችል በአራት ዙር ተመዘነ፤ በእያንዳንዱ 1,500 ግራም ሬዚን፣ 500 ግራም ማጠንከሪያ። ባዶው ባልዲ ሲቀመጥ ሚዛኑ ዜሮ ይደረጋል፤ ሬዚኑ ከገባ በኋላ ደግሞ እንደገና ዜሮ።

ቀለሙም በግራም ነው የተሰላው። ሁለቱ ንብርብሮች አንድ ወንዝ መስለው እንዲታዩ የሰማያዊው ዱቄት መጠን በኪሎ እኩል መሆን አለበት። ለመጀመሪያው 10 ኪሎ 20 ግራም ከገባ ለሁለተኛው 8 ኪሎ 16 ግራም ነው። በዓይን የተጨመረ ቀለም ከጎን ሲታይ መስመር ይሠራል። ሁለተኛው የፈሰሰው የመጀመሪያው ጠንከር ብሎ ገና ጣት ያዝ ሲያደርግ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በብርጭቆ ወረቀት መሻከር ይፈልግ ነበር።

የሳጥኑ አፍ ላይ ሲደርስ ባልዲው ውስጥ ግማሽ ሊትር ገደማ ቀረ። አናጺው ይህን አስቀድሞ ስላሰበበት የብርጭቆ ማስቀመጫ ቅርጾች አዘጋጅቶ ነበር። ዲያሜትሩ 9 ሴንቲ፣ ውፍረቱ 8 ሚሊ የሆነ አንድ ማስቀመጫ 51 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ዘጠኙ ሞሉ።

በጠቅላላው የተደባለቀው 18 ኪሎ፣ ማለትም 16.5 ሊትር ነው። ወረቀቱ ላይ ትልቅ አድርገን የጻፍነው 16.6 ነበር።

ጠረጴዛው ደርቆ፣ ተልጎ፣ ቫርኒሹን ጠጥቶ ደሴ ገብቷል። ያልተከፈተ ያህል ተጠንቅቀን የከደንነው 2 ኪሎ ወርክሾፑ ውስጥ ቀርቷል፤ 1.5 ኪሎ ሬዚን፣ ግማሽ ኪሎ ማጠንከሪያ። ሲደባለቅ 1.84 ሊትር ይሆናል። አናጺው ይህን ጊዜ እኔን አልጠራኝም። ዲያሜትሩ 30 ሴንቲ የሆነ የግድግዳ ሰዓት 0.071 ካሬ ሜትር ነው ብሎ በ12 ሚሊ አባዛው። አንዱ 0.85 ሊትር። ሁለት ሰዓት ይወጣዋል፣ ለባልዲውም ጥቂት ይተርፋል ብሎ በስልክ ጻፈልኝ። አንደኛውን እትዬ ለካፌያቸው ወስደውታል፣ ሁለተኛው ለሽያጭ ተሰቅሏል።